ከዳላስ የመጣች መኪና የሚኒያፖሊስን ብርድ እንድትችል ምን ይቅደም?

ዐዲስ ገቢ (ሚኒያፖሊስ)፣ ኦክቶበር 12

ጤና ይስጥልኝ። ከዳላስ ወደ ሚኒያፖሊስ ከተዛወርኩ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። አብራኝ የመጣችው የ2014 ስሪት ቶዮታ ካምሪ ናት፤ ስድስት ዓመት ሙሉ የነዳኋት ቴክሳስ ውስጥ ነው። በፌብሩዋሪ 2021 ዳላስን ያ ብርድ ሲመታት እንኳ ቤቴን ዘግቼ ስለ ተቀመጥኩ መኪናዋ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ስለዚህ በረዶ ላይ መንዳትን እኔም እርሷም አናውቅም።

ሥራ የምገባው ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ነው። የምኖረው ሴዳር ሪቨርሳይድ አካባቢ አፓርታማ ውስጥ ሲሆን ጋራዥ ስለሌለኝ መኪናዋ የምታድረው መንገድ ዳር ነው። ለዝግጅቱ የመደብኩት 700 ዶላር ነው። ከሥራ ባልደረቦቼ አንዱ መጀመሪያ ጎማ ቀይር ይለኛል፣ ሌላው ባትሪ ይላል፣ ሦስተኛው ደግሞ ይህችን ሸጠህ በአራቱም ጎማ የምትጎትት ግዛ እያለ ይመክረኛል። ገንዘቡ ለሁሉም እንደማይበቃ ግልጽ ነው። በዚህ አገር ብዙ ዊንተር ያሳለፋችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ የትኛው ይቅደም ትላላችሁ?

የመርካቶ መካኒክ (ሴንት ፖል)፣ ኦክቶበር 12

እንኳን በደኅና መጣህ፣ ወንድሜ። ሙያውን የተማርኩት መርካቶ ውስጥ በአንድ ጋራዥ ሲሆን እዚህ ሴንት ፖል መኪና ስጠግን ደግሞ 22 ዓመት ሆኖኛል። ስለ ጎማና ስለ ባትሪ ከመከራከራችን በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ራዲያተርህ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ይህን የምጠይቅህ ያለ ምክንያት አይደለም። አገር ቤት ጀሪካን ሙሉ ውኃ ይዞ መጓዝ የጥንቁቅ ሹፌር ምልክት ነበር፤ ሞተር ሲግል ጥላ ፈልጎ መቆም፣ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ፣ ራዲያተሩን በውኃ ሞልቶ መንገድ መቀጠል ሁላችንም ከአባቶቻችን ያየነው ነው። ቴክሳስም ሞቃት በመሆኑ ልማዱ ለዓመታት ቅጣት ሳያመጣ ይቆያል። እዚህ ግን ያው ውኃ ሞተር ይገድላል። ውኃ ሲረጋ በይዘቱ 9 በመቶ ያህል ይሰፋል፤ በሞተሩ ብረት ውስጥ ደግሞ መስፊያ ቦታ ስለማያገኝ የሚሰነጠቀው ብረቱ ነው። በየዓመቱ ዲሴምበር ላይ ከደቡብ የመጣ መኪና በተጎታች ተጭኖ ደጄ ይደርሳል፤ ባለቤቱም ብዙውን ጊዜ የሞተሩን ዋጋ ስነግረው "ትንሽ ውኃ ብቻ እኮ ነው የጨመርኩት" ይለኛል።

ኤቲሊን ግላይኮል ያለበት ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ከውኃ ጋር እኩል ለእኩል ሲቀላቀል ከዜሮ በታች እስከ 37 ሴልሺየስ፣ ማለትም ከዜሮ በታች እስከ 34 ፋራናይት ድረስ አይረጋም። የግላይኮሉ ድርሻ ወደ ሲሶ ከወረደ ግን መከላከል የሚችለው እስከ ዜሮ ፋራናይት አካባቢ ብቻ ነው፤ በሚኒያፖሊስ ደግሞ ከዚያ በታች የሚወርዱ ሌሊቶች በየዓመቱ አይጠፉም። በጃንዩዋሪ 30 ቀን 2019 ጠዋት ከዜሮ በታች 28 ፋራናይት ገብቶ ነበር። እንግዲያው ውኃ ሳልቀላቅል ንጹሑን ልሙላ እንዳትል፤ ንጹሕ ግላይኮል ብቻውን ከዜሮ በታች 13 ሴልሺየስ ላይ ስለሚረጋ እርሱም አይበጅም። ድብልቁ እስከ ስንት ዲግሪ ሳይረጋ እንደሚቆይ የሚያሳይ መለኪያ በጥቂት ዶላር ይሸጣል፤ ከቀዝቃዛ ሞተር ላይ ትንሽ ስበህ ታነባለህ። ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ክዳኑን እንዳትከፍት። ፈሳሹ ጣፋጭ መርዝ ስለ ሆነ የፈሰሰውን ልጅ ወይም ውሻ ሳይደርስበት አጽዳው።

ባትሪውን በተመለከተ፣ ብዙ ሰው የሚገድለው ብርዱ ይመስለዋል። ውስጡን የሚበላው በዋናነት የዳላስ ሙቀት ነው፤ ብርዱ የተደበቀውን ድካም ይገልጠዋል እንጂ። ዜሮ ፋራናይት ላይ ባትሪ ከጉልበቱ ከግማሽ በላይ ያጣል፤ በዚያው ሰዓት ዘይቱ ስለሚወፍር ሞተሪኖው የሚጠይቀው ጉልበት ይጨምራል። ስለዚህ በሴፕቴምበር ያለ ችግር ሲያስነሣ የነበረ የአራት ዓመት ባትሪ ዲሴምበር ላይ ድምፁ ሊጠፋ ይችላል። ባትሪው አድሮ 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፤ ወደ 12 ከወረደ ግን ባዶ ሊሆን ተቃርቧል። ይሁን እንጂ ቮልት ብቻውን ስለማይበቃ በጭነት፣ ማለትም ኃይል እየተሳበበት፣ ያስፈትሹት፤ የመለዋወጫ መደብሮች ብዙዎቹ ይህን ያለ ክፍያ ያደርጋሉ።

ዘይቱን አትንካው። የአንተ ካምሪ ከፋብሪካ የታዘዘላት 0W-20 የሚባለው ቀጭን ዘይት ነው፤ ለብርድ ከዚህ የተሻለ አያስፈልጋትም። በዚያ የምታተርፈውን ገንዘብ ለጎማ አቆየው።

ሌሊት ነጂ (ብሉሚንግተን)፣ ኦክቶበር 13

ጋሼ ስለ ራዲያተሩ ያሉት ትክክል ነው። እኔ ግን 14 ዓመት ሙሉ ሌሊት ሌሊት ከኤርፖርት ሰው ሳመላልስ ያየሁትን ልናገር። የሞተ ባትሪ ከሥራ ያስቀራል፤ ደረቅ ጎማ ግን ከሕይወት ያስቀራል። በቴክሳስ የተገዛው ጎማ ላስቲኩ ለሙቀት የተቀመመ ነው፤ ብርዱ ከ7 ሴልሺየስ በታች መውረድ ሲጀምር እየጠነከረ ይሄዳል፤ በረዶ ላይ ሲደርስም እንደ ሰሌዳ ይንሸራተታል። የዊንተር ጎማ ላስቲክ በዚያው ብርድ ለስላሳ እንደ ሆነ ስለሚቆይ መንገዱን ይይዛል።

ስትገዛ በጎኑ ላይ ያለውን ምልክት ተመልከት፤ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ ውስጥ የበረዶ ቅንጣት የተሣለበት ከሆነ በበረዶ ላይ ተፈትኖ ያለፈ ማለት ነው። ኤምና ኤስ የሚሉት ፊደላት ብቻ ያሉበት ግን የጥርሱን ቅርጽ እንጂ ፈተና ማለፉን አይናገርም። ሁለት ብቻ ገዝቼ ከፊት ልሰር የሚል ሐሳብ እንዳይመጣብህ፤ የፊቱ ሲይዝ የኋላው ስለሚለቅ መኪናዋ መንገድ ላይ ትዞራለች። ምስማር ያለበት ጎማም አትፈልግ፤ የሚኒሶታ ሕግ ለነዋሪ አይፈቅደውም።

የጎማውን ነፋስ ደግሞ አሁኑኑ አስለካ። ሙቀቱ በየ10 ፋራናይት ሲቀንስ ግፊቱ 1 ፒ ኤስ አይ (የጎማ ነፋስ የሚለካበት አሃድ) ያህል ይወርዳል። ዳላስ ውስጥ በ80 ፋራናይት 35 አስሞልተህ ከሆነ ዜሮ ፋራናይት በሚሆንበት ጠዋት 27 ገደማ ታገኘዋለህ። የጎማ ነፋስ ማስጠንቀቂያው መብራት ሲበራ ጎማው ተበሳ ብለህ ወደ ጎሚስታ ከመሮጥህ በፊት ይህን አስብ።

ባለ ፎርዊል (በርንስቪል)፣ ኦክቶበር 13

ይቅርታ ይደረግልኝና እኔ በዚህ አልስማማም። በአራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ከያዝኩ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ከፋብሪካ በመጣው የዓመት ሙሉ ጎማ ነው የምነዳው፣ አንድም ቀን ቦይ ውስጥ አልገባሁም። ለወንድማችን የሚሻለው በየዓመቱ ጎማ ለማስለወጥ ከሚከፍል ይህችን ሸጦ ጥቂት ጨምሮ ደኅና ጎታች መኪና ቢገዛ ነው። ዳገት ላይ ቆሞ መነሣት ሲያጋጥም ልዩነቱ ይታያል።

ሌሊት ነጂ (ብሉሚንግተን)፣ ኦክቶበር 13

ወንድሜ፣ መነሣቱን አልካድኩም። በአራቱም የሚጎትተው ከመብራት ላይ ሲነሣ ሁላችንንም ጥሎን ይሄዳል። ፍሬን ሲያዝ ግን ማንኛውም መኪና በአራት ጎማ ነው የሚቆመው፤ ጎታችነቱ በዚያ ሰዓት ምንም አይጨምርለትም። እንዲያውም በቀላሉ መነሣቱ መንገዱ ደኅና ነው ብሎ ያታልላል። ከባድ በረዶ በጣለ ማግስት በሀይዌይ 35 ቦይ ውስጥ ተገልብጠው ከማያቸው መኪኖች መካከል ትልልቆቹ ጎታቾች አይጠፉም።

የእርስዎ ስምንት ዓመት ያለ አደጋ ማለፉ ደስ ይላል፤ የመንዳት ችሎታዎም ይሆናል። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በረዶ ላይ ለሚወጣ ሰው ግን አርአያ አድርጌ አላቀርበውም።

ነርሷ (ኤድመንተን)፣ ኦክቶበር 14

ከካናዳ ሰላም ለሁላችሁ። እኛ ዘንድ ከዜሮ በታች 30 ሴልሺየስ ዜና አይደለም፤ ስለዚህም ከመኪኖች አፍንጫ ላይ የኤሌክትሪክ ሶኬት ገመድ ተንጠልጥሎ ስታዩ እንዳትገረሙ። ገመዱ የሚሄደው ሞተሩ ውስጥ ወደ ተተከለ ማሞቂያ ሲሆን ማሞቂያው ኩላንቱን ስለሚያሞቀው ሞተሩ በቀላሉ ይነሣል። ሌሊቱን ሙሉ መሰካት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ከመነሣት በፊት ሦስት ወይም አራት ሰዓት በቂ በመሆኑ እኔ በሰዓት መቁጠሪያ አስሬዋለሁ። ወንድሜ መንገድ ዳር ስለሚያቆም ግን መሰኪያ የሚያገኝ አይመስለኝም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት እኔም እንደዚያው ነበርኩ፤ በጣም በከፋው ሌሊት ባትሪውን ነቅዬ ቤት ውስጥ አሳድረው ነበር። ጎረቤቶቼ ሳቁብኝ፤ ጠዋት ግን የሄድኩት እኔ ነበርኩ።

ማንም ያላነሣው ነገር የመስታወት ማጠቢያው ውኃ ነው። ከቴክሳስ ይዛው የመጣችው የበጋ ፈሳሽ ከሆነ ጋኑ ውስጥ ይረጋል፤ ከዚያ የባሰው ደግሞ በፍጥነት እየነዱ ሲረጩት መስታወቱ ላይ ወዲያው በረዶ ሠርቶ ዓይንን የሚጋርደው ነገር ነው። አሮጌውን እስኪያልቅ እየረጩ ጨርሰው ለብርድ የተሠራውን ይሙሉ፤ ጋሎኑ ላይ እስከ ስንት ዲግሪ እንደሚችል ተጽፎበታል። መጥረጊያዎቹን ማታ ከመስታወቱ አንሥተው ያሳድሩ። ጠዋት በረዶ የያዘውን መስታወት በሙቅ ውኃ ለማቅለጥ ፈጽሞ አይሞክሩ፤ እኔ በመጀመሪያው ዓመቴ በማንቆርቆሪያ አፍልቼ ባፈሰስኩ ጊዜ መስታወቱ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰነጠቀ።

በሻንጣው ክፍል ደግሞ አካፋ፣ የባትሪ ገመድ፣ የእጅ መብራት፣ አንድ ከረጢት አሸዋ ይኑር። ብርድ ልብስ ይያዙ ይላሉ ፈረንጆቹ፤ እኔ ጋቢ ነው የያዝኩት። ከእርሱ ጋር አንድ ጣሳ ቆሎ አለ፤ ቆሎ አይረጋም፣ አይበላሽም፣ ለአንድ ሌሊትም ያሰነብታል። የነዳጅ ታንኩም ከግማሽ በታች አይውረድ።

ከአዲስ አበባ ተመልካች (አዲስ አበባ)፣ ኦክቶበር 15

ውይይቱን በፍላጎት እየተከታተልኩ ነው። በአንዳንድ የውጭ አገር ጽሑፎች "መኪናን ለክረምት ማዘጋጀት" የሚል ሳነብ ስለ ሐምሌ ዝናብ የሚናገር ይመስለኝ ነበር። ለእኛ ክረምት ማለት ዝናብ መጥረጊያ መቀየር፣ ፍሬን ማስተካከል፣ ጎርፍ የያዘ መንገድ ማለፍ ነው፤ ብርዱ የሚመጣው በበጋው፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ነው። እዚህ ዊንተር ብላችሁ መጻፋችሁ ከግራ መጋባት አድኖኛል። አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ባትሪው ሲሞት ሰዎች ጠርቶ በግፊት ማስነሣት አይቻልም?

የመርካቶ መካኒክ (ሴንት ፖል)፣ ኦክቶበር 15

ካምሪዋ አውቶማቲክ ስለሆነች በግፊት አትነሣም፤ መርካቶን ሁሉ ብትጠራላትም። መፍትሔው ከሌላ መኪና በገመድ ማስነሣት ነው። ቀዩ መጀመሪያ በሞተው ባትሪ ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላው ጫፍ በደኅናው ፖዘቲቭ ላይ ይታሰራል፤ ጥቁሩ በደኅናው ባትሪ ኔጌቲቭ ላይ ከታሰረ በኋላ የመጨረሻው ጫፍ ከሞተው ባትሪ ራቅ ባለ፣ ቀለም በሌለው የሞተር ብረት ላይ ይያዛል። ከባትሪው የሚያርቁት በዙሪያው የሚሰበሰበው ጋዝ በብልጭታ እንዳይቀጣጠል ነው።

ነገር ግን ባዶ የቀረ ባትሪ ከሙሉው በጣም ቀድሞ እንደሚረጋ አትርሱ። ጎኑ ያበጠ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ ገመድ እንዳታስጠጉበት፤ የረጋ ባትሪ ሊፈነዳ ይችላል። እንዲህ ያለው ወደ ሙቅ ቤት ገብቶ ቢቀልጥም ከዚያ በኋላ አይታመንም።

ዐዲስ ገቢ (ሚኒያፖሊስ)፣ ኦክቶበር 27

ለሁላችሁም ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው፤ በተለይ ለጋሼ። መለኪያውን ገዝቼ ስበው ያሳየኝ ወደ 5 ፋራናይት አካባቢ ብቻ ነበር። መጀመሪያ መለኪያው የተበላሸ መሰለኝ፤ ሁለተኛም ስደግመው ያው ነው። ከዚያ ትዝ አለኝ፤ ባለፈው ዓመት ጁላይ ላይ ወደ ሂዩስተን ስሄድ ፈሳሹ ዝቅ ብሎ አይቼ ከቧንቧ ሁለት ጠርሙስ ውኃ የጨመርኩት ራሴ ነኝ። አባቴ በደብረ ማርቆስ መንገድ የሚያደርገውን ማድረጌ ነበር፤ ጥፋተኛው ሌላ ሰው አይደለም።

ፈሳሹ ታጥቦ አዲስ ተሞላ፤ 140 ዶላር ወጣ። ባትሪው በጭነት ፈተና ወደቀ፤ ላዩ ላይ የታተመው ቀን አምስት ዓመት ያለፈው መሆኑን ያሳያል። አዲሱን በ190 ዶላር ገዛሁ፤ ጥሩነቱን ለማወቅ ሻጩ ያሳየኝ በዜሮ ፋራናይት የሚሰጠውን አምፔር የሚያመለክተውን ቁጥር ነበር፤ የመኪናዬ መጽሐፍ ከሚጠይቀው ከፍ ያለውን መረጥኩ። አሁን 370 ዶላር ቀርቶኛል፤ አዲስ የዊንተር ጎማ አራቱን አይገዛም። አንድ ሰው ያገለገለ አራት የዊንተር ጎማ ከነቸርኬው በ300 ዶላር ይሸጣል። ልግዛው ወይስ በነበረኝ ጎማ ቀስ ብዬ ልንዳ?

ሌሊት ነጂ (ብሉሚንግተን)፣ ኦክቶበር 27

ከነቸርኬው ከሆነ ጥሩ ግዢ ሊሆን ይችላል፤ በየወቅቱ ለማስለወጥ የምትከፍለው ይቀንስልሃል። ገንዘቡን ከማውጣትህ በፊት ግን ሁለት ነገር ተመልከት። አንደኛው ዕድሜው ነው። በጎማው ጎን ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥሮች አሉ፤ 3521 ካለ በ2021 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ስድስት ዓመት ካለፈው ጥርሱ ያማረ ቢሆንም ላስቲኩ ስለሚደርቅ ተወው። ሁለተኛው የጥርሱ ጥልቀት ነው። ሕጉ 2/32 ኢንች ይበቃል ይላል፤ ያ ግን የሰኔ ሕግ ነው። ለበረዶ ከ6/32 በታች የሆነ ጎማ ብዙ ጉልበት የለውም። መለኪያ ይዘህ አራቱንም ለየብቻ ለካ፤ ሻጩ ቢቸኩል አንተ አትቸኩል። ቸርኬው ለካምሪህ የሚሆን መሆኑንም በመጽሐፉ አረጋግጥ።

ዴንቨሬው (ዴንቨር)፣ ኦክቶበር 28

ከኮሎራዶ በአጭሩ ልጨምር። እዚህ በሀይዌይ 70 ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ባለው ተራራማ ክፍል ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ድረስ የጎማ ጥርስ ቢያንስ 3/16 ኢንች እንዲሆን ሕግ ያዛል፤ በአራቱም የሚጎትተውም ከዚህ አያመልጥም። ሌላው ጠዋት መኪና አስነሥቶ ቁልፉን ውስጥ ትቶ ቡና ለመጠጣት ወደ ቤት መግባት ነው። ይህ በግዛታችን ሕግ የተከለከለ ከመሆኑም በላይ ሌባ የሚጠብቀው ያን ሰዓት ነው። በርቀት የሚያስነሣ መሣሪያ ካላችሁ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ለማንኛውም የዛሬ ሞተር ሃያ ደቂቃ ቆሞ መሞቅ አያስፈልገውም፤ ግማሽ ወይም አንድ ደቂቃ ጠብቆ ቀስ ብሎ መንዳት ከቆሞ መሞቅ የበለጠ ያሞቀዋል። መስታወቱ እስኪጠራ መጠበቅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያ ግዴታ ነው።

የመርካቶ መካኒክ (ሴንት ፖል)፣ ኖቬምበር 9

የመጀመሪያው በረዶ ከመጣሉ በፊት ስለ ጨው ልናገር፤ ምክንያቱም ብርዱ በአንድ ሌሊት የሚያደርሰውን ጉዳት ሁሉም ያየዋል፣ ጨው ግን በአምስት ዓመት ቀስ ብሎ ስለሚበላ ባለቤቱ የሚነቃው መኪናዋ ማንሻ ላይ ስትወጣ ነው። እኔ በዚህ ሥራ ላይ ከዘይት ይልቅ ዝገትን ነው የማውቀው ብል ማጋነን አይሆንም።

ከተማው መንገዱ ላይ የሚበትነው ጨው በረዶውን ያቀልጣል፤ ከ15 ፋራናይት በታች ሲወርድ ግን አቅሙ በጣም ስለሚደክም ጨው ተበትኗል ብላችሁ በጣም በበረደ ቀን መንገዱን እንዳታምኑት። የቀለጠው የጨው ውኃ ከሥር ይረጭና በበር ታችኛው ጠርዝ፣ በሻንሲው መገጣጠሚያ፣ በማርሚታው ማሰሪያ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በፍሬን ዘይት ቱቦዎች ላይ ይቀመጣል። ቱቦዎቹ ብረት ናቸው፤ ዝገት ሲበሳቸው ፔዳሉ በድንገት ወለል ይነካል። ስለዚህ ያገለገለ መኪና እዚህ የሚገዛ ሰው ቀለሙን ከማየት ይልቅ ሥሩን ማየት አለበት። ከቴክሳስ የመጣች መኪና ትልቁ ሀብቷ ሥሯ ንጹሕ መሆኑ ነው፤ ለዚህም ነው ሽጣት የሚለውን ምክር ያልወደድኩት።

ይህን ሀብት ለመጠበቅ በየሁለት ሳምንቱ፣ ሥሩን ጭምር በሚረጨው ማጠቢያ ማሳጠብ ይገባል። ቀኑን ምረጡ፤ ሙቀቱ ውኃ ከሚረጋበት ነጥብ ከፍ ያለበት ቀን ቢሆን ይመረጣል፣ አለበለዚያ በሮቹ ተጣብቀው ያድራሉ። ከታጠበ በኋላ የበሮቹን ላስቲክ በጨርቅ አድርቆ የሲሊከን ቅባት መቀባት መጣበቁን ይከላከላል። ጨው ብረትን ለማዛገት ርጥበትና ሙቀት ይፈልጋል፤ እንዲያውም ጨው የለበሰች መኪና በሚሞቅ ጋራዥ ውስጥ ስታድር ውጭ በብርድ ካደረችው ፈጥና ትዝጋለች። መንገድ ዳር ማደሩ በዚህ በኩል ብቻ ይጠቅምሃል።

ሥሩን ስለ መቀባትም ሰዎች ይጠይቁኛል። በየዓመቱ የሚታደስ ዘይትነት ያለው ቅባት እወዳለሁ፤ እየሠረገ መገጣጠሚያ ውስጥ ይገባል። እንደ ጎማ የሚደርቀውን ጥቁር ሽፋን ግን አልመክርም፤ ሲሰነጠቅ የጨው ውኃ ከሥሩ ገብቶ ይታሸግና ከውጭ ሳይታይ ብረቱን ይጨርሰዋል። የቀረህን 70 ዶላር ለዚህ አትሠዋው፤ በሚቀጥለው መከር ይደረጋል።

ሌሊት ነጂ (ብሉሚንግተን)፣ ኖቬምበር 30

ትናንት ማታ የጣለውን አያችሁ። ዐዲስ ገቢ መንገድ ዳር ስለሚያቆም አንድ ነገር ይወቅ። ሚኒያፖሊስ የበረዶ ድንገተኛ ጊዜ ስታውጅ ደንቡ ሦስት ቀን ይዘልቃል። በመጀመሪያው ቀን ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት የበረዶ መንገድ ተብለው በሰማያዊ ምልክት በታወቁት ጎዳናዎች በሁለቱም በኩል መቆም ክልክል ነው። በሁለተኛው ቀን ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት በሌሎቹ መንገዶች ሙሉ ቁጥር ባለበት በኩል፣ በሦስተኛው ቀን በዚያው ሰዓት ጎዶሎ ቁጥር ባለበት በኩል አይቆምም። ሰዓቱን በአገራችን አቆጣጠር ነው የጻፍኩት፤ በስልክ የሚመጣው ማስታወቂያ በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ እንዳያሳስታችሁ። እኔ በመጀመሪያው ዓመቴ ተሳስቼ መኪናዬን ከተወሰደችበት ግቢ ለማስለቀቅ የከፈልኩት ከአንድ ጎማ ዋጋ በላይ ነው።

ከዚህ የሚከብደውን ልጨምር። መኪናችሁ በረዶ ከዋጣት፣ ሞተር ከማስነሣታችሁ በፊት የማርሚታውን ጫፍ በአካፋ ጥረጉ። ጢሱ መውጫ ሲያጣ ወደ ውስጥ ይገባል። ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ማሳደር እንደሚገድል ሁላችንም ከልጅነታችን እናውቃለን፤ ጋዙ ያው ነው፣ ሽታም የለውም። በረዶ ውስጥ መንገድ ላይ ከተያዛችሁ በየሰዓቱ አሥር ደቂቃ ያህል ብቻ አስነሡ፣ አንድ መስኮት በጥቂቱ ክፈቱ፣ ከመኪናው ወጥታችሁ በእግር አትሂዱ። ጋራዥ ያላችሁም በሩን ከፍታችሁ እንኳ ውስጥ አታሙቁ።

ዐዲስ ገቢ (ሚኒያፖሊስ)፣ ጃንዩዋሪ 14

ዛሬ ጠዋት ከዜሮ በታች 18 ፋራናይት ነበር። ጎማዎቹ የ2022 ስሪት፣ ጥርሳቸውም 8/32 ስለነበር ገዝቻቸው ነበር፤ እስካሁን አላሳፈሩኝም። ሞተሩ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሣ። ደስታዬ ግን ሁለት ደቂቃ አልቆየም፤ መኪናዋ አልንቀሳቀስ አለች። ነዳጅ ስሰጣት ፊቷ ከፍ ይላል፣ የኋላ ጎማዎቿ ግን አይዞሩም። ትናንት ከታጠበች በኋላ ማታ የማቆሚያውን ፍሬን ይዤ ነው ያሳደርኳት፤ አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ዳገት ላይ ያደግሁ ሰው ፍሬን ሳይዝ መኪና ማሳደር አይሆንለትም። ጋሼ፣ ምን ላድርግ? ወደ ሥራ በአውቶቡስ ሄጃለሁ።

የመርካቶ መካኒክ (ሴንት ፖል)፣ ጃንዩዋሪ 14

በነዳጅ አታስገድዳት። የመታጠቢያው ውኃ በኬብሉ ሽፋን ውስጥ ወይም በፍሬን ሸራው ላይ ረግቶ ይዟታል፤ በግድ ስትጎትታት ሸራው ይላጣል ወይም ኬብሉ ይበጠሳል። አስነሥተህ ፍሬኑን ልቀቅና ከኋላ ጎማዎቹ ጀርባ የጸጉር ማድረቂያ ይዘህ ከጎረቤት ኤሌክትሪክ ብታገኝ አሙቃቸው፤ ካላገኘህ የቀኑ ፀሐይ ሊረዳህ ይችላል። ከዚያ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በጣም በዝግታ አወዛውዛት፤ ሲለቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ትሰማለህ።

ከእንግዲህ ሜዳ ላይ ከሆነ ማርሹን ፒ (ፓርክ) ላይ ብቻ አድርገህ አሳድራት። ዳገት ላይ ከሆነ ጎማውን ወደ መንገዱ ጠርዝ አዙረህ አቁም፤ ከታጠበችበት ቀን በስተቀር ፍሬኑን መያዝ ትችላለህ።

ዐዲስ ገቢ (ሚኒያፖሊስ)፣ ጃንዩዋሪ 15

ለቀቀች። ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት ሶማሌ እናት ረጅም ገመድ በመስኮት አውርደውልኝ በማድረቂያ ሃያ ደቂቃ ያህል አሞቅኳት፤ ያሉት ድምፅም ተሰማ። የግራው የኋላ ጎማ ግን ስነዳ ትንሽ ይሞቃል። ለማየት ቅዳሜ ብመጣ ይመችዎታል? የዊንተሩን ጎማስ መቼ ላውልቅ?

የመርካቶ መካኒክ (ሴንት ፖል)፣ ጃንዩዋሪ 15

ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ና፤ ኬብሉን ፈትተን እንቀባዋለን። ጎማውን ፀሐይ ወጣ ብለህ በማርች እንዳታወልቅ። በኤፕሪል 2018 አጋማሽ እዚህ ከ15 ኢንች በላይ በረዶ ጥሎ፣ ጎማቸውን ቀድመው የቀየሩ ደንበኞቼን ሳወጣ ነው ሦስት ቀን የዋልኩት። የኤፕሪል መጨረሻ ሲደርስ ደውልልኝ።